ዓመት ሙሉ ነፍቶ ያልተሻሻለው ሳክስ፦ የአንድ የጅማ ልጅ የልምምድ ጉዳይ

ጉዳዩ ይሄ ነው። አልቶ ሳክስፎን የሚጫወት፣ ሠላሳ ሊሞላው የደረሰ ልጅ አለ። ጅማ ጊንጆ አካባቢ ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይቶ ይኖራል። ቀን ቀን ቡና መጋዘን ውስጥ ሚዛንና መዝገብ ይዞ ይሠራል፤ አርብና ቅዳሜ ማታ ሆቴል ውስጥ ከእኛ ጋር ይጫወታል። እኔ የባንዱ ኪቦርዲስት ነኝ። በየሳምንቱ ከኋላው ሆኜ ስለምሰማው ሶሎው ሳይጀመር ወዴት እንደሚሄድ አውቀዋለሁ። የት እንደሚወጣ፣ የት እንደሚያስጮኸው፣ የት ትንፋሽ እንደሚያጥረው። ችግሩም እዚያ ላይ ነበር፤ ጃዝ ሲጫወት ማንም ሊገምተው ይችላል።

ልጁ ሰነፍ አይደለም፣ ይሄ ይያዝልኝ። ከሥራ እንደገባ እራት ሳይበላ ሳክሱን አውጥቶ ሁለት ሰዓት ገደማ ይነፋል። ከዓመት በላይ እንዲህ ነው የኖረው። ድምፁ ትልቅ ነው፣ ጣቱ ፈጣን ነው፣ የአገራችንን ዘፈን ሲይዝ ሰው ከወንበሩ ይነሳል። ሆቴሉ ግን ከእራት በፊት ያለውን አንድ ሰዓት ጃዝ ነው የሚፈልገው፣ እንግዳው ቀስ ብሎ የሚያወራበት ሰዓት ስለሆነ። እዚያ ላይ ልጁ ይጠፋል። እሱም ያውቀዋል፣ ለዚህ ነው የሚናደደው። "ከዚህ በላይ ስንት ሰዓት ልንፋ?" አለኝ አንድ ቀን።

ጥያቄው ከየት እንደመጣ ይገባኛል። የጃዝ አልቶ ሳክስ ጌታ የሚባለው ቻርሊ ፓርከር በ1954 እ.ኤ.አ. ከሌላው ሳክስ ተጫዋች ከፖል ዴዝመንድ ጋር ሲያወራ፣ ለሦስት አራት ዓመት ያህል በቀን ከ11 እስከ 15 ሰዓት እንደተለማመደ ተናግሯል። ሳክስ የያዘ ሰው ሁሉ ይህቺን ወሬ ያውቃታል፤ ሁሉም ራሱን ይወቅስባታል። ከዚያ ወሬ ጋር አብሮ የማይነገረው ግን ፓርከር በእነዚያ ሰዓታት ምን ይሠራ እንደነበር ነው። በ1937 እ.ኤ.አ. ገና ልጅ ሳለ ካንሳስ ሲቲን ትቶ ኦዛርክ ወደሚባለው ተራራማ አገር ለሥራ ሲሄድ፣ የቴነር ሳክስ ተጫዋቹ የሌስተር ያንግ ሶሎዎች ያሉባቸውን ሸክላዎች ይዞ ነበር የሄደው። እዚያ ቁጭ ብሎ በጆሮው አወጣቸው። ሰዓቱ ውስጥ የተወሰነ ሥራ ነበረበት ማለት ነው። የእኛ ልጅ ሁለት ሰዓት ውስጥ ምን እንዳለ ማንም አልጠየቀም፣ እሱ ራሱም ጭምር።

ቅጂው

መጀመሪያ ያደረግነው ቀላል ነገር ነው። አንድ ቀን ማታ ስልኩን ጥግ አስቀምጦ የተለመደውን ልምምድ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንዲቀዳው ነገርኩት። "ለእኔ ብለህ አታሳምር፣ እንደ ሁልጊዜው ንፋ" አልኩት። እሁድ ቡና ተፈልቶ፣ እሱም እኔም ቁጭ ብለን ሰማነው። ወረቀት ላይ በየጊዜው ምን እየሠራ እንደሆነ እጽፍ ነበር።

መጀመሪያ ስኬል። ሲ፣ ጂ፣ ኤፍ፤ ወደ ላይ ወደ ታች፣ ሁልጊዜ በአንድ ፍጥነት። ሩብ ሰዓት ያህል ይሄ ነው። ከዚያ ሆቴል የምንጫወታቸው ዜማዎች፣ እሱ በቃሉ የሚያውቃቸው። ከዚያ ስልኩ ላይ ያለ አጃቢ ሙዚቃ ተከፈተና በላዩ ላይ ሶሎ። አንድ ሰዓት ገደማ። ጥሩ ነው የሚሰማው! ችግሩ እዚህ ጋ ነው፣ ሁሉም ነገር ጥሩ ነው የሚሰማው። ልጁ የሚችለውን ነገር ነው የሚጫወተው። የማይችለው ነገር እዚያ ክፍል ውስጥ ጭራሽ አልገባም።

አንድ ነገር ደግሞ እሱንም አስደነገጠው። ሲሳሳት ሁልጊዜ ወደ ዘፈኑ መጀመሪያ ይመለሳል። እነዚህ የጃዝ ዜማዎች ብዙዎቹ አራት ክፍል አላቸው፤ አንደኛው፣ ሁለተኛውና አራተኛው አንድ ዓይነት ናቸው፣ ሦስተኛው ብቻ ይለያል፣ ድልድይ የሚሉት። ልጁ የሚሰናከለው ድልድዩ ላይ ነው። ሲሰናከል ከላይ ይጀምራል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ስምንት ባሮች (ባር ማለት የተወሰነ ምት የያዘ የዜማ ቁራጭ ነው) በአንድ ማታ ስንቴ እንደተጫወታቸው መቁጠር አይቻልም፤ ድልድዩን ግን አንዴም በሰላም አልተሻገረውም። የሚያውቀውን እያጠነከረ፣ የማያውቀውን እንዳለ እየተወው ነው ዓመቱ ያለፈው።

ከሁሉ የከበደው ግን የኖታ ጉዳይ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። (ከዚህ በታች የምጠራው ሁሉ በአልቶ አጠራር ነው፤ የእሱ ሲ ኪቦርድ ላይ ኢ ፍላት ነው።) ልጁ ሲ ላይ ሶሎ ሲይዝ የሚጠቀመው ትዝታ ሜጀርን ነው፦ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ። አምስት ኖታ። ጆሮው ያደገው በዚህ ነው፣ የሁላችንም። አሁን ጃዝ ውስጥ በየዜማው የሚመላለሰውን የኮርድ (አብረው የሚመቱ ኖታዎች) መንገድ እንይ፦ ዲ ማይነር ሰባት፣ ከዚያ ጂ ሰባት፣ ከዚያ ሲ ሜጀር ሰባት። ጂ ሰባት ውስጥ ያሉት ጂ፣ ቢ፣ ዲ፣ ኤፍ ናቸው። ከአራቱ ትዝታው ውስጥ ያሉት ጂና ዲ ብቻ ናቸው። የጎደሉት ቢና ኤፍ ናቸው። ኮርዱን ወደ ቤቱ የሚገፋው ደግሞ የእነዚሁ የሁለቱ መሳሳብ ነው! ልጁ አንድም ስህተት ኖታ አይነካም፣ ግን ኮርዱ ሲቀየር መቀየሩን የሚናገር ኖታም አይነካም። እኔ ከኋላ ኮርድ እቀያይራለሁ፣ እሱ ከላይ ይንሳፈፋል። ለዚህ ነው "አልተበላሸም ግን ምንም አልተባለም" የሚመስለው።

ይሄ የቅኝቱ ጉድለት አይደለም፣ እንዳትሳሳቱ። ሙላቱ አስታጥቄ የተወለደው እዚሁ ጅማ ነው፣ በ1943 እ.ኤ.አ.፤ ለንደንና ቦስተን በርክሊ ተምሮ ኢትዮ ጃዝን ሲያበጅ ከፊቱ የነበረው ጥያቄ ይህ ነው፣ አምስት ኖታ ያለውን ቅኝት በአሥራ ሁለቱም ኖታ ከሚሠራው የጃዝ ኮርድ ጋር እንዴት ላስማማ የሚል። እሱ ግን ኮርዱን ለቅኝቱ ብሎ ነው የሠራው። የአሜሪካኖቹ የድሮ ዜማዎች ለትዝታ ተብለው አልተሠሩም። ስለዚህ እዚያ ቤት ስትገባ የዚያን ቤት ደንብ ማወቅ አለብህ፣ ከዚያ በኋላ ትዝታህን አምጥተህ ብትጥልበት ያምራል።

ሌላው ቫይብራቶ ነው። ልጁ ጌታቸው መኩሪያን እየሰማ ነው ያደገው። ጌታቸው ሽለላውን በቴነር ሳክስ ያመጣ ሰው ነው፣ ያ የሚንቀጠቀጥ፣ የሚፎክር ድምፅ ከሰው ጉሮሮ የተወሰደ ነው። እኔም እወደዋለሁ። ግን ልጁ ከአንድ ምት በላይ የቆየችን ኖታ ሁሉ ያንቀጠቅጣል። ከሥሩ ኖታዋ ዝቅ ትበል ከፍ ትበል አይታወቅም። ቅጂውን ሰምተን ስንጨርስ "ትክክለኛ ኖታ ላይ መሆኔን በምን አውቃለሁ?" ብሎ ራሱ ጠየቀ። ጥሩ ጥያቄ ነው።

የመጨረሻዋ ደግሞ ታስቃለች። ጂ ሻርፕ ያለበት ሐረግ ላይ ሁሉ ይደናቀፋል። ጣቴ ደካማ ነው ብሎ ለወራት በግራ ትንሿ ጣቱ ሲታገል ከርሟል። ሳክሱን ተቀብዬ ቁልፉን ስጫነው ክዳኗ ተጣብቃለች፤ ቁልፉ ይወርዳል፣ ክዳኑ አይከፈትም። ሳክስ ላይ ይቺ ቦታ የታወቀች ናት፣ በምራቅና በእርጥበት ትጣበቃለች፤ የጅማ ክረምት ደግሞ ምን ያህል እርጥብ እንደሆነ ለነዋሪው አይነገርም። ቀጭን ደረቅ ወረቀት ከክዳኑ ሥር አስገብቶ፣ ቀስ አድርጎ ዘግቶ፣ ወረቀቷ እርጥበቱን ስትጠጣ ማውጣት ነው። ከእያንዳንዱ ልምምድ በኋላ ሳክሱን ውስጡን በጨርቅ መጥረግ። በቃ። የወራት ትግል በአንድ ወረቀት አለቀ።

ቦታና ሰዓት

ስለ ፕሮግራም ከማውራታችን በፊት የግቢው ነገር መጣ። ሳክስፎን ቀስ ብሎ የሚነፋ ዕቃ አይደለም። ልጁ ማታ ሲነፋ ከጎኑ ያለችው ተከራይ ነርስ ናት፣ የሌሊት ተረኛ ስትሆን የምትተኛው በዚያ ሰዓት ነው። አከራይዋ አንድ ቀን ጠርተው "ልጄ፣ አንተ ትነፋለህ፣ ደስ ይላል፤ እሷ ግን መቼ ትተኛ?" አሉት። በቁጣ አልነበረም። እሱ ግን ከዚያ ወዲህ ተሸማቅቆ፣ ግማሽ ድምፅ ብቻ እያወጣ ነበር የሚነፋው። በግማሽ ትንፋሽ ዓመት የለመደ ሰው ሆቴል ላይ ሙሉ ድምፅ ሲያወጣ ይጮሃል፣ ምክንያቱም መሃሉን አልለመደውም። ክፍሉ ራሱም ያታልላል፤ ባዶ ግድግዳና ሲሚንቶ ስለሆነ ሁሉን ድምፅ ያሳምረዋል።

የጃዝ ሳክስ ተጫዋቹ ሰኒ ሮሊንስም ይሄው ችግር ነበረበት። ኒው ዮርክ ውስጥ ጎረቤት ላለመረበሽ ብሎ ከ1959 እስከ 1961 እ.ኤ.አ. ዊሊያምስበርግ ድልድይ ላይ ወጥቶ ይለማመድ ነበር። ልጁ ይሄን ሲሰማ አዌቱ ድልድይ ላይ ልውጣ እንዴ ብሎ ቀለደ። ባጃጁ አያስነፋህም አልኩት። መፍትሔው አጠገቡ ነበር፦ የሚሠራበት መጋዘን። ጠዋት ሥራ የሚጀመረው 2 ሰዓት ተኩል ነው። ባለቤቱ ቁልፉ በሰዓቱ ይመለስ እንጂ ግድ የለኝም አሉ። ዘበኛው አባባም ተስማሙ።

የመጋዘኑ ጥቅም ጎረቤት አለመኖሩ ብቻ አይደለም። እስከ ጣሪያው የተደረደረ የቡና ጆንያ ድምፅ ይጠጣል። የሚመለስ ማስተጋባት የለም። የነፋኸው ነገር እርቃኑን ነው የሚሰማህ፣ ምንም ማር አይቀባም። የመጀመሪያውን ቀን ወጥቶ "ድምፄ እንዲህ አስቀያሚ ነው እንዴ?" አለኝ። አይደለም፣ ግን አሁን እየሰማኸው ነው።

ስለዚህ ልምምዱን ለሁለት ከፈልነው። ጠዋት መጋዘን ውስጥ ሃምሳ ደቂቃ ያህል በሙሉ ድምፅ። ማታ ቤት ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያለ ድምፅ። በጠቅላላው ከበፊቱ ያንሳል። እሱ መጀመሪያ ይሄን አልወደደውም፣ የቀነስኩበት መሰለው።

ጠዋት

ጠዋት ጅማ ይበርዳል። ቀዝቃዛ ሳክስ ዝቅ ብሎ ነው የሚጮኸው፣ ሲሞቅ ከፍ ይላል። ስለዚህ ገና እንደተነሱ ቱነር (የኖታን ልክ በመርፌ የሚያሳይ መሣሪያ) ማየት ከንቱ ነው። መጀመሪያ ሞቅ ያለ ትንፋሽ ቱቦው ውስጥ መላክ፣ ከዚያ መጀመር። ሪድ (ሲነፋ የሚርገበገበው የሸንበቆ ስንጥር) ላይም ትንሽ ሥርዓት አስገባን። ጥሩ ሪድ ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው፣ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ነው፣ ሰው ሲገኝ። ልጁ አንዱን እስኪሞት ይነፋውና ሌላ ያወጣል። አሁን ሦስት ሪድ በእስክሪብቶ ቁጥር ጽፎባቸው በየቀኑ ይቀያይራል። አንዱ ሲያርፍ ይደርቃል፣ ዕድሜው ይረዝማል፣ ለቅዳሜ ማታም የታወቀ ሪድ አለ ማለት ነው።

የመጀመሪያው አሥር ደቂቃ ረጅም ኖታ ነው። ስልኩ ላይ አንድ የማያቋርጥ ኖታ ይከፍትና በላዩ ላይ ያለ ቫይብራቶ ይነፋል። ቀጥ ያለ፣ ከቀስታ ጀምሮ እያደገ፣ ከዚያ እየቀነሰ። ሁለቱ ኖታዎች ካልተገናኙ አየሩ ውስጥ የሚርገበገብ ነገር ይሰማል፤ ሲገናኙ ይጠፋል። ለዚያ ጆሮ እንጂ መርፌ ማየት አያስፈልግም። ከዚያ ኦቨርቶን። የታችኛውን ቢ ፍላት ጣት ይዘህ፣ ጣት ሳታነቃንቅ፣ በጉሮሮህና በአየርህ ብቻ ላይኛውን ቢ ፍላት፣ ከዚያ ኤፍ፣ ከዚያ ሌላኛውን ቢ ፍላት ማውጣት። ያንኑ ኤፍ በተለመደው ጣት ደግሞ መንፋትና ሁለቱን ማመሳሰል። ጉሮሮ ጠባብ ከሆነ አይወጣም። ልጁ የመጀመሪያ ሰሞን ከቢ ፍላት በላይ መውጣት አቅቶት አባባ ከበር ብቅ ብለው "መኪና አልነሳ አለ እንዴ?" ብለው ጠይቀውታል።

ቀጥሎ የጎደሉት ሁለት ኖታዎች። ይሄ ነው የልምምዱ ልብ፤ እኔ ሌላውን ሁሉ ጣሉ ብባል ይሄን አልጥልም። ሜትሮኖም (ምት የሚቆጥር መሣሪያ) በደቂቃ 60 ምት ላይ። ሶሎ የለም፣ ፍጥነት የለም። ዲ ማይነር ላይ ሲን ይዞ መቆየት፣ ጂ ሰባት ሲመጣ ወደ ቢ መውረድ። ርቀቱ ግማሽ ድምፅ (ሴሚቶን) ብቻ ነው። እንደገና፦ ጂ ሰባት ላይ ኤፍ፣ ሲ ሜጀር ሲመጣ ወደ ኢ። እሱም ግማሽ ድምፅ። ሁለት ትንንሽ እርምጃዎች ናቸው፣ ኮርዱ መቀየሩን ግን ያለ ኪቦርድ ይናገራሉ። የመጀመሪያው ሳምንት ይሄው ብቻ ነበር፣ አንድ ረጅም ኖታ በየባሩ። ቀጥሎ በመሃላቸው ኖታ መጨመር፤ ለምሳሌ ኢ ላይ ከመድረሱ በፊት ኤፍን፣ ከዚያ ዲን፣ ከዚያ ኢን። ኢዋ ግን አዲሱ ባር ሲጀምር መድረስ አለባት፣ ቀድማም ዘግይታም አይደለም። ከዚያ ያንኑ ነገር የሚያስቸግረው ዘፈን ድልድይ ውስጥ። ከላይ መጀመር ክልክል ነው። በቀጥታ ከድልድዩ ነው የሚጀመረው፣ አንዳንዴ ከድልድዩ መጨረሻ ሁለት ባር ተጀምሮ ወደ ኋላ እየተጨመረ።

ለዚህ የያዘውን ሩብ ሰዓት አንድ ላይ አያደርገውም። አምስት ደቂቃ ይሠራና ወደ ሌላ ነገር ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ይሄዳል። ሲመለስ ትንሽ ረስቶ ነው የሚመለሰው፣ ያ መርሳትና ማስታወስ ነው የሚያስተምረው። ክላሪኔት ተጫዋቾች ላይ የተሠራ በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናትም እየቀያየሩ መለማመድ አንዱን ጨርሶ ወደ ሌላው ከመሄድ ይሻላል ወደሚለው ያደላል። ደስ የማይለው ነገር፣ እየቀያየርክ ስትሠራ ያልተማርክ ነው የሚመስልህ። ልጁም "ምንም አልያዝኩም" እያለ ነበር የሚወጣው። በማግስቱ ግን ይዞ ይገኛል።

ሜትሮኖም ላይ አንድ ነገር ቀየርን። በፊት በየምቱ ነበር የሚያስመታው። አሁን ሁለተኛውና አራተኛው ምት ላይ ብቻ ነው። 60 ላይ ሲያስቀምጠው ሙዚቃው 120 ይሄዳል ማለት ነው። አንደኛውና ሦስተኛው ምት የእሱ ኃላፊነት ነው፣ ማንም አይመታለትም። መጀመሪያ በየሁለት ባሩ ይገለበጥበት ነበር። ሲገለበጥ ቆም፣ በአፉ እየቆጠረ በእግሩ እየመታ እንደገና መግባት።

ሦስተኛው ሥራ የሳምንቱ ሐረግ ነው። ከአንድ የሳክስ ሶሎ ውስጥ ሁለት ባር፣ ቢበዛ አራት። ሙሉ ሶሎ አይደለም። ልጁ ከዚህ በፊት ሙሉ ሶሎ በኖታ አውርዶ እያየ ይነፋ ነበር፣ ወረቀቱ ሲነሳ ግን ምንም አይቀርም። አሁን ኖታ የለም። ማታ ሐረጉን ደጋግሞ ይሰማል፣ በአፉ ይዘፍነዋል። መዝፈን ካልቻለ ሳክሱን አይነካም። ጠዋት መጋዘን ሲመጣ በጆሮው ያወጣዋል። ከዚያ ዋናው ጥያቄ፦ ይሄ ሰውዬ ኮርዱ ሲቀየር የትኛው ኖታ ላይ አረፈ? አብዛኛውን ጊዜ መልሱ ያቺው ቢ ወይም ያቺው ኢ ናት። ይሄን ራሱ ሲያገኘው እኔ ከነገርኩት አሥር እጥፍ ገባው። ሐረጉን ወደ ሌላ ሁለት ቁልፍ (ዜማው የሚነሳበት መነሻ ኖታ) ይወስደዋል፣ ባንዳችን በብዛት ወደሚጫወትባቸው። ከዚያ በራሱ መንገድ ያበላሸዋል፦ ምቱን ይቀይራል፣ መጨረሻውን ይቆርጣል፣ ትዝታ ይጨምርበታል።

መጨረሻ ላይ አንድ ዙር ሙሉ ዘፈን፣ ያለ ማቆም፣ ተቀድቶ። ቢሳሳትም መቀጠል ነው፣ ሆቴል ላይ ማንም ወደ ኋላ አይመልስህም። ቅጂውን እዚያው አይሰማውም። ማታ ነው የሚሰማው።

ማታ

ማታ ሳክሱ ከሳጥኑ ይወጣል ግን አይነፋም። ጣቱ ቁልፎቹ ላይ ሆኖ ሐረጉን በአፉ እያንጎራጎረ ይጫናል። ነርሷ አትሰማም። የሚገርመው እዚህ ላይ ነው ብዙ ነገር የሚጋለጠው፤ ድምፁ ሲጠፋ ጣት የማያውቀውን ነገር መደበቅ አይችልም። ከዚያ የጠዋቱን ቅጂ አንድ ጊዜ ይሰማና አንድ ዓረፍተ ነገር ይጽፋል። አንድ ብቻ። "ድልድዩ ሦስተኛ ባር ላይ ዘገየሁ" ዓይነት። የነገው ጠዋት ሥራ ይቺው ናት። ፕሮግራሙን የሚያወጣው ትላንት ነው፣ እኔም አይደለሁም፣ ኢንተርኔት ላይ ያለ ሠንጠረዥም አይደለም።

እንዴት ሄደ?

መጀመሪያ ባሰበት። ሆቴል ላይ ኖታ ቀነሰ፣ ዝም ማለት አበዛ፣ ሶሎው መሃል እያሰበ እንደሆነ ፊቱ ላይ ያስታውቃል። የባንዱ መሪ ቤዝ ጊታር የሚጫወቱ ትልቅ ሰው ናቸው፣ እረፍት ላይ ጠርተው "ምነው ልጄ፣ ታመሃል እንዴ? ኖታውን የት አደረስከው?" አሉት። "ጋሼ፣ እየፈለግኩት ነው" አላቸው። ሳቁ። አርብ አርብ እንደ ድሮው እንዲጫወት፣ ቅዳሜ አንድ ዘፈን ላይ ብቻ አዲሱን ነገር እንዲሞክር ተስማማን። ይሄ ጠቀመው፤ መድረክን መለማመጃ ካደረግከው ሁለቱም ይበላሻሉ።

ከዚያ የጅማ ኑሮ ገባበት። ግቢው ውስጥ ለቅሶ ሆነ፣ ለቀናት ሙዚቃ የሚባል ነገር አይታሰብም፣ የስልክ ድምፅ እንኳ ነውር ነው። ጠዋት ወደ ሥራ ቢሄድም ሳክስ አንጠልጥሎ ከግቢ መውጣት አልፈለገም። እነዚያን ቀናት ያሳለፈው በጆሮ ማዳመጫ እየሰማና በሐሳቡ ጣቶቹን እያንቀሳቀሰ ነው። ሲመለስ ከንፈሩ ደክሞ ነበር፣ ጭንቅላቱ ግን እዚያው ነበር።

ከበድ ያለው የቡና ወቅት ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር መኪና በጠዋት ይደርሳል፣ መጋዘኑ በወዛደር ይሞላል፣ ልጁ ከሚዛን አይነሳም። ሃምሳ ደቂቃው ሞተ። በፊት ቢሆን ሙሉ በሙሉ ያቆምና "ከጥር በኋላ" ይል ነበር። አስቀድመን አንድ ትንሽ ልምምድ አዘጋጅተን ነበር፣ ለክፉ ቀን፦ አምስት ደቂቃ ረጅም ኖታ፣ አምስት ደቂቃ ሁለቱ ኖታዎች፣ አንድ ዙር ዘፈን። ቦታው ከመጋዘኑ ጀርባ፣ ጆንያ ከማይራገፍበት በኩል። ሁሉንም ቀን አልሠራም። ግን ክሩ አልተበጠሰም።

ሁዳዴና ረመዳን ሲመጡ የሆቴሉ ሥራ ቀዘቀዘ። ገንዘቡ ቀነሰ፣ ይሄ አስደሳች አይደለም፤ ለልምምድ ግን የዓመቱ ምርጥ ጊዜ ነው። የሚደርስ መድረክ የለም፣ ማሳመር አያስፈልግም። አዲስ ዘፈን ከሥሩ መያዝ የተቻለው ያኔ ነው።

የጣልናቸውም አሉ። ሁሉንም ነገር በአሥራ ሁለቱም ቁልፍ መሥራት የሚለውን መጻሕፍቱ ይመክራሉ፣ ሙሉ ቀን ላለው ተማሪ ትክክል ነው። ለእሱ ግን አንዱንም ሳይይዝ አሥራ ሁለቱን መንካት ሆነበት። በሦስት ቁልፍ ጀመርን፣ አንዱ ሲደላደል ሌላ ይጨመራል። የስልክ አጃቢ ሙዚቃም ተባረረ ማለት ይቻላል፤ ዳታው ውድ ነው፣ መብራት ሲጠፋም ስልኩ ይሞታል፣ ከሁሉ በላይ ግን ሰዓት የሚጠብቅልህ ሌላ ሰው ስለሆነ የራስህ ሰዓት መላላቱ አይታወቅህም። በቀለም የተሠራው የሳምንት ሠንጠረዥም አንድ ወር አልቆየም፤ ሳጥኖቹን ለመሙላት ሲል መለማመድ ጀምሮ ነበር።

አሁን የት ነው? የዘንድሮውን የሆቴል ቅጂ ከዓምናው ጋር አጠገብ ለአጠገብ ሰምተነዋል። ኖታው ያነሰ ነው። ኮርድ ሲቀየር ኪቦርዴን ብዘጋው እንኳ መቀየሩ ይሰማል። ረጅም ኖታ ቀጥ ብሎ ይጀምርና ቫይብራቶው መጨረሻ ላይ ይመጣል፣ ሲፈልገው ብቻ። ትዝታው አልጠፋም፤ ድሮ ዙሩን ሙሉ ነበር፣ አሁን ኢ ላይ ካረፈ በኋላ ብቅ ይላል፣ ያኔ ነው ሰው ዞር ብሎ የሚያየው። ያልተፈቱም አሉ። ፍጥነቱ 200 ሲደርስ ሁሉም ነገር ይፈርስና የድሮው ልጅ ይመለሳል። የታችኛው ቢ ፍላት ቀስ ተብሎ ሲጀመር አሁንም ያጉረመርማል። ኖታ አይቶ ወዲያው መጫወት ላይ ገና ምንም አልሠራንም።

በዚህ ሰሞን የያዘው ማይነር ነው። ሲ ማይነር ላይ ጆሮው በቀጥታ ወደ ትዝታ ማይነር ይሮጣል፦ ሲ፣ ዲ፣ ኢ ፍላት፣ ጂ፣ ኤ ፍላት። ጂ ሰባት ሲመጣ አሁንም ቢና ኤፍ የሉም፣ ያው ጉዳይ። ልዩነቱ ኤ ፍላቷ ጂ ሰባት ላይ በጣም ስለምታምር ልጁ እዚያው መቅረት ይፈልጋል። ስለዚህ አዲሱ ሥራ ኤ ፍላትን ነክቶ ወደ ጂ፣ ቢን ነክቶ ወደ ሲ፣ ኤፍን ነክቶ ወደ ኢ ፍላት መግባት ነው፣ አንድ በአንድ፣ ከዚያ ሦስቱን በአንድ ሐረግ። ሜትሮኖሙ 50 ላይ ነው። ጋሼ ዘፈኑን ከፋሲካ በኋላ ዝርዝሩ ውስጥ አስገብተውታል፣ እስከዚያ ድልድዩ ይደርስ እንደሆነ እናያለን።